የሰው እጅ ያልነካቸው ድርሃሞች

ባለፈው ሳምንት አሠሪዬ ለሱቁ ዝርዝር ሳንቲም እንዳመጣ ወደ ባንክ ላከችኝ። አጅማን አል ራሺዲያ ውስጥ፣ የሴቶች ልብስ በሚሰፋበት ትንሽ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። አሁን ደንበኛው ሁሉ በካርድ ስለሚከፍል ለዝርዝር ብሎ ባንክ መሄድ እየቀረ ነው፤ እኔም ከሄድኩ ወራት አልፎኝ ነበር። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት በላስቲክ የታሸገ የድርሃም ከረጢት አውጥቶ በመስታወቱ ሥር ገፋልኝ። ማንም ያልከፈተው፣ ከተመታበት ቦታ እንደወጣ ያለ ነበር። በላስቲኩ ውስጥ ሳንቲሞቹ ያበራሉ። እጄን ወደ ከረጢቱ መስደድ አቃተኝ።

ልጁ ችግር እንዳለ ጠየቀኝ። ያገለገለ ካለው እሱን እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ሳቀ፤ ሰው ሁሉ አዲስ ነው የሚለምነው፣ አሮጌ ስጠኝ ያለችው የመጀመሪያዋ ሴት እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከወጣሁ በኋላ ግን መሄዱን ትቼ ከአንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ጥላ ሥር ብዙ ደቂቃ ቆምኩ። ነገሩ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል። ለባሌም ቢሆን በሙሉ ነግሬው አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከኮምቦልቻ በኤጀንሲ በኩል መጥቼ አል ማምዛር፣ ዱባይና ሻርጃ በሚዋሰኑበት ሠፈር፣ የሁለት ሱዳናውያን ባልና ሚስት ቤት ተቀጠርኩ። ሰውየው ባባ ኢድሪስ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲያሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ በዚያ ላይ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰው ነበር። ማዳም ነፊሳ ብዙ አትናገርም፤ ክፉ ግን አልነበረችም። ሹግሉ፣ ማለት ሥራው፣ ለወጣት ጉልበት ቀላል ነበር። ጠዋት ፉል፣ ቀን ሩዝና ዓሣ፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ እሷ ራሷ ወጥ ቤት ገብታ በደረቅ ባሚያ የሚሠራ የአገሯን ወጥ ትሠራለች፤ ለእኔም በሳህን አድርጋ ትሰጠኛለች።

ከሦስቱ መኝታ ክፍሎች አንደኛው ተቆልፎ ይውል ነበር። የሰልማ ክፍል ነው። ሰልማ ብቸኛ ልጃቸው ነበረች፤ ማዳም ተስፋ ቆርጣ ከተወች በኋላ፣ አርባ ዓመት ሊሞላት ሲል የተወለደች። በዘጠኝ ዓመቷ በደም በሽታ ሞተች። እኔ እዚያ ቤት ስገባ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነበር። ማዳም ሐዘኗን በዚያ ክፍል ቆልፋበታለች። ባባ ግን ሐዘናቸውን ያኖሩት በአንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት እንደ ገበጣ ነው፤ በሁለት ረድፍ አሥራ ሁለት ጉድጓዶች ያሉት፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰ። በሞላው ጉድጓድ ሁሉ አንድ አንድ ድርሃም ተቀምጧል፤ ከሥሩ ደግሞ በዓረብኛ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ታጥፏል። ሰልማ ከተወለደች ጀምሮ ባባ በየልደቷ ሳምንት ባንክ እየሄዱ፣ አዲስ ከረጢት አስከፍተው፣ ከውስጡ አንድ እንከን የሌለው ድርሃም ይመርጡ ነበር። ወረቀቱ ላይ በዚያ ዓመት ያደረገችውን ይጽፋሉ፤ ሮጠች፣ ጥርሷ ወለቀ፣ ስሟን ጻፈች። ከሞተችም በኋላ ልማዱን አልተዉም። ለምን ከባንክ እንደሚወስዱ አንድ ቀን ስጠይቃቸው፣ ገበያ የገባ ሳንቲም የሺህ ሰው እጅ ያለበት ነው፤ ከረጢት ውስጥ ያለው ግን እንደ ሕፃን ነው፣ ገና ማንም ምንም አላደረገውም አሉኝ።

በመጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ሰኔ ላይ፣ እጃቸውን ይዤ እንድመራቸው ወደ ዴይራ ይዘውኝ ሄዱ። ወበቁ ልብስን ከገላ ጋር ያጣብቅ ነበር። ባንኩ ከክሪኩ፣ ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍላት የባሕር ወሽመጥ፣ ብዙም አይርቅም፤ ከመርከቦቹ የሚወርደው የቅመምና የናፍጣ ሽታ እስከ በሩ ድረስ ይከተላል። ገንዘብ ከፋዩ ፀጉሩ የነጣ ህንዳዊ ነው፤ ባባን ገና ከሩቅ ሲያይ ይነሣል። ሳይጠይቃቸው የታሸገ ከረጢት አውጥቶ በመቀስ ቆረጠና ሳንቲሞቹን ለስላሳ ጨርቅ ላይ በቀስታ ዘረጋቸው። ባባ ማጉያ መነጽራቸውን ለእኔ ሰጡኝ።

"ያ ብቲ፣" አሉኝ፤ በሱዳኖች ዓረብኛ ልጄ ማለት ነው፣ "ዘንድሮ የእኔ ዓይን አንቺ ነሽ።"

አስተማሩኝ። ሳንቲም ሆዱን አይያዝም፤ ጠርዙን በሁለት ጣት ነው። መጀመሪያ ሳንቲሙ ላይ በተቀረጸው ጀበና ዙሪያ ያለው ሰፊ ሜዳ ይታያል፤ ጭረት የሚወጣው እዚያ ነው። ቀጥሎ የጀበናው አፍ፤ በከረጢት ውስጥ ከሌላ ሳንቲም ጋር ተጋጭቶ ከሆነ እዚያ ላይ ጥርስ የመሰለ ምልክት ይገኛል። ከዚያ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ብርሃኑ በፊቱ ላይ ሳይቆራረጥ ዞሮ ዞሮ መመለስ አለበት። ሃያ ያህሉን አየሁና አንዱን ሰጠኋቸው። በማጉያው ቢያዩትም ብዙ እንደማይታያቸው አውቃለሁ። "አመንኩሽ" አሉና ኪሳቸው ከተቱት። ስንመለስ ክሪኩን በአብራ፣ በትንሿ ጀልባ፣ ወዲያና ወዲህ ተሻገርን፤ ምንም ጉዳይ ሳይኖረን፣ ነፋስ ለመቀበል ብቻ። ወተት ያለው ሻይና ሳምቡሳ ገዙልኝ። አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ሰው ስላደረግሁት ነገር ሲያመሰግነኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በዓመቱ ባባ የዓይን ቀዶ ጥገና ሊያደርጉ ሆስፒታል ገቡ። ስኳራቸው አስቸጋሪ ስለሆነ ሐኪሞቹ ቀናት አስተኟቸው፤ ማዳም ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ትውላለች። ጊዜው የሰልማ ልደት ሳምንት ነበር። ባባ ከመሄዳቸው በፊት ለእኔ አንድ አደራ ሰጡኝ፤ ብቻዬን ዴይራ ሄጄ የዘንድሮውን፣ አሥራ ሁለተኛውን ድርሃም እንዳመጣ። በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸው ሲከፈት መጀመሪያ ማየት የሚፈልጉት የሰልማን ሳጥን እንደሆነ ነገሩኝ። ማዳም ይህን ስትሰማ ፊቷን አዙራ ወደ መኪናው ወረደች።

በማግስቱ ቤቱን ጨርሼ ሳጥኑን ከፈትኩት። ከአሥራ አንዱ ሳንቲሞች የድሮዎቹ ጠቆር ብለው፣ ወዝ አጥተው አየኋቸው። ሰውየው ስንት ዓመት በጭጋግ ኖረው፣ ዓይናቸው በራ ሲል ይህን የደበዘዘ ነገር ይዩ? ማዳም የብር ትሪዎቿን የምትወለውልበት ነጭ ቅባት ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። አወጣሁት። የጥርስ ብሩሽ ይዤ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ እያንዳንዷን በየተራ አንሥቼ ፈትጌ፣ አጥቤ፣ አድርቄ ወደየጉድጓዷ መለስኳት። እያንጎራጎርኩ ነበር። ሲያልቁ እንደ መስታወት አንጸባረቁ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ አገር እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዴይራ ሄድኩ። ከወለወልኳቸው አንዱን በሶፍት ጠቅልዬ ይዣለሁ፤ አዲሱን ስመርጥ ከእሱ ጋር ላስተያየው ብዬ። ህንዳዊው ሽማግሌ የባባን ጤና ጠየቀኝና ከረጢቱን ከፈተልኝ። እኔም በኩራት ሶፍቱን ፈትቼ አሳየሁት። ሳንቲሙን በጠርዙ ይዞ ወደ መብራቱ አዘነበለው። ከመሳቢያው የራሱን ማጉያ አወጣና ደግሞ አየ።

"ይኼን ማን ነው የፈተገው?" አለኝ።

ማጉያውን ሰጠኝ። ባባ ባስተማሩኝ ዓይን አየሁ። ሜዳው በሙሉ በቀጭን በቀጭን ጭረት ተሞልቷል፤ ደረቅ መሬት በመጥረጊያ የተጠረገ ይመስላል። ብርሃኑ መዞሩን ትቶ ተሰባብሮ ይበተናል። ሰውየው አልተቆጣኝም። ሳንቲም ሲያረጅ የሚለብሰው ጥላ ልብሱ እንደሆነ፣ እሱ ከተገፈፈ ደግሞ እንደማይመለስ በቀስታ አስረዳኝ። ኸላስ፣ አበቃ፣ አለ በመጨረሻ፤ በአንድ ቃል። አሥራ ሁለተኛውን መርጦ የሰጠኝ እሱ ነው፤ እኔ ምንም አይታየኝም ነበር። ስወጣ ለባባ ዛሬውኑ እንድነግራቸው መከረኝ። እነግራለሁ አልኩት።

አልነገርኩም። ከባንኩ እስከ አውቶቡሱ ባለው መንገድ ላይ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ድርሃም ድርሃም ነው፤ ባንኮቹ ሞልተዋል። አሥራ አንድ እንከን የሌላቸው አዲስ ድርሃሞች ካገኘሁና ጉድጓዶቹ ውስጥ ካስቀመጥኳቸው ማን ያውቃል? ህንዳዊው እንዳይጠረጥረኝ ወደ እሱ አልተመለስኩም። ቤት ሄጄ ሳንቲሞቹን በሙሉ በመሐረብ ቋጠርኩና በዚያው ጠዋት ሻርጃ ተሻገርኩ።

የመጀመሪያው ባንክ ዘበኛ ደንበኛ አይደለሽም ብሎ ከበሩ መለሰኝ። ሁለተኛው አስገባኝ፤ ግን ከረጢቱ ቀደም ሲል ተከፍቶ በመሳቢያ ውስጥ ሲንገላታ የከረመ ነው፤ አንድም ንጹህ አልነበረውም። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ለቀትር ዘግተዋል። በማግስቱ ማዳም ሆስፒታል እንደሄደች አጅማን ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ፊሊፒናዊት ለምን እንደማለቅስ ጠየቀችኝ። ማልቀሴን አላወቅሁም ነበር።

አጅማን ያገኘኋት ገንዘብ ከፋይ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ የሸፈነች ልጅ ነበረች። ለምን እንደምፈልጋቸው አልጠየቀችኝም። የታሸገ ከረጢት ከፍታ፣ ሰው ስላልነበረ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ እንደልቤ እንድመርጥ ፈቀደችልኝ። ተቀምጬ አንድ ሰዓት መረጥኩ። ባባ ያስተማሩኝን አንዱንም አልረሳሁም። ጠርዝ፣ ሜዳ፣ አፍ፣ ብርሃን። ከዚያ ከረጢት ውስጥ የወጡት አሥራ አንዱ ድርሃሞች በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የጠሩ ነበሩ።

ምትካቸውን ስትጠይቀኝ መሐረቤን ፈታሁ።

እዚህ ላይ ራሴን ልሸፍን አልፈልግም። ቦርሳዬ ውስጥ የራሴ ገንዘብ ነበረኝ። ከዚያ መክፈል እችል ነበር። ግን እነዚያ የተፋቁ ሳንቲሞች ከእጄ እንዲወጡ፣ ከዚያ ቤት እንዲጠፉ፣ ያደረግሁትን የሚመሰክር ነገር በምድር ላይ እንዳይቀር ፈለግሁ። ልጅቷ የሰልማን አሥራ አንድ ዓመታት በመዳፏ ጠርጋ መሳቢያዋ ውስጥ ካሉት ሌሎች ድርሃሞች ጋር ቀላቀለቻቸው። ድምፃቸውን ሰማሁ። ቀለል አለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ዕረፍት ነበር።

ባባ በአንድ ዓይናቸው ላይ መከለያ፣ ከላዩ ጥቁር መነጽር አድርገው ተመለሱ። ሐኪሙ ለዘጠኝ ቀን ዓይናቸውን ከብርሃንና ከድካም እንዲጠብቁ አዝዟል። ጠብታውን የማደርግላቸው እኔ ነበርኩ፤ በቀን አራት ጊዜ። አንገታቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ፤ እኔ መከለያውን አንሥቼ፣ የዓይናቸውን ቆብ በጣቴ ገልጬ አንዲት ጠብታ እጥላለሁ። ከዓይናቸው ወደ ጉንጫቸው ሲፈስ በሶፍት እጠርግላቸዋለሁ። ሁልጊዜም ያመሰግኑኛል። በዘጠኝ ቀን፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ፊታችን እንዲህ ተቀራርቦ ሳለ መናገር እችል ነበር። ጠብታውን እያደረግሁ በልቤ ዐረፍተ ነገሩን በዓረብኛ እሰካካለሁ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ይበተናል። ስለ አሥራ ሁለተኛው ድርሃም ጠየቁኝ። ጥሩ ነው አልኳቸው። ይኼ ብቻ እውነት ነበር።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ከሻይ በኋላ፣ መከለያው ተነሣ። ባባ መጀመሪያ እጃቸውን አዩ። ቀጥሎ ማዳምን ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት፤ አረጀሁ አይደል አለቻቸው፤ የለም አሏት። ከዚያ ሳጥኑን አስመጡ።

ማጉያ አላስፈለጋቸውም። የመጀመሪያውን በጠርዙ አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዙት። ፈገግ እንዳሉ ነበሩ። ሁለተኛውን አነሡ። ሦስተኛውን። ፈገግታቸው እንዴት እንደከሰመ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፣ ቀስ እያለ ነው። አሥራ አንዱን በሙሉ አገላብጠው ካዩ በኋላ መልሰው አስቀመጧቸው።

"እነዚህ በጣም ንጹህ ናቸው፣" አሉ። "ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት ግን አንድ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቀን አይመጣም፣ ያ ብቲ።"

ቁጥሩን! ማንበብ የማልችለው ቁጥር አልነበረም፤ የሊፍቱን፣ የአውቶቡሱን እያየሁ የዓረቡን አኀዝ ከለየሁ ቆይቻለሁ። ያን ሁሉ ሰዓት በማጉያ ስመረምር ጭረት ብቻ ስለምፈልግ ከጭረት በቀር ምንም አላየሁም። ፍርሃት እንዲህ ነው የሚያሳውረው። እግራቸው ሥር ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅባቱን፣ ዴይራን፣ አጅማንን፣ መሐረቡን።

ባባ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ቅባቱን ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያዘኑልኝ ይመስል ነበር። መሳቢያው ውስጥ መቀላቀላቸውን ስናገር ግን የሳጥኑን ክዳን ዘጉት።

"ተቧጭረውም ቢሆን የእሷ ነበሩ፣" አሉኝ። "ስድስተኛውን ከባንኩ እስከ ቤት በእጇ ይዛው ነው የመጣችው። አትንኪው ስላት እንቢ አለች። ጣቷ ላዩ ላይ ነበር።"

ለካ ከሁሉም መሃል እጅ የነካው አንድ ድርሃም ነበር፤ ሳጥኑም በሙሉ የተቀመጠው ለእሱ ነበር ማለት ይቻላል። ጣቷን በቅባት የፋቅሁት እኔ ነኝ። የተረፈውን ደግሞ ለገበያ ሰጠሁት።

ማዳም እየሰማች ነበር። የተቆለፈውን ክፍል ከፍታ ገባችና ከውስጥ ዘጋችው።

በማግስቱ ባባ በጥቁር መነጽራቸው፣ ሐኪሙ ገና ፀሐይና ድካም ከልክሏቸው ሳለ፣ ታክሲ አስጠርተው አጅማን ይዘውኝ ሄዱ። ሻሽ ያደረገችው ልጅ አስታወሰችኝ። ባባ ሲያስረዷት እጇን አፏ ላይ ጫነች። መሳቢያዋን አውጥታ ያለውን ድርሃም ሁሉ ዘረጋችልን፤ የእኛ አልነበሩበትም። ከአሥር ቀን በላይ አልፏል። በየቀኑ ከግሮሰሪዎች፣ ከምግብ ቤቶች፣ ከልብስ ማጠቢያዎች ሰዎች እየመጡ ዝርዝር ይወስዳሉ። የት እንደሄዱ ሲጠይቋት በእጇ ወደ መንገዱ አመለከተች፤ ወደ ሁሉም አቅጣጫ።

ያ ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር። ባባ ግን ከባንኩ ወጥተው አጠገቡ ያለው ግሮሰሪ ገቡ። ባለሱቁን በትሕትና ሰላም ብለው፣ መሳቢያው ውስጥ ያሉትን ድርሃሞች እንዲያሳያቸው ለመኑት። ሰውየው ገርሞት አወጣላቸው። ባባ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ገና ያልጠና ዓይናቸውን በማጉያው ላይ ደፍተው አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። እንከን የሌለውን እየገፉ፣ የተፈተገውን ይፈልጋሉ። ስንት ዓመት ንጹህ ሳንቲም የመረጡ ሰው በእኔ ምክንያት አሁን የተበላሸ ሳንቲም ይለምናሉ። ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄድን። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ወበቁ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፤ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። አንዱ ባለሱቅ ያበዱ መስሎት ውኃ ሰጣቸው። በአራተኛው ሱቅ ዓይናቸው ማልቀስ ይሁን ማዠት ሳይለይ ይፈስ ጀመር፤ ማጉያውን ለእኔ አቀበሉኝ።

"አንቺ እይልኝ፣" አሉ።

አየሁ። አልነበሩም። ቅባቱና ብሩሹ የተዉት ጭረት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ በመቶ ድርሃም መሃል አንዷ ብትገኝ እለያት ነበር። የለም አልኳቸው። ደግመው አልጠየቁኝም። በታክሲ ወደ ማምዛር ተመለስን። ከመኪናው ሲወርዱ፣ ክንዴን እንደ ድሮው ይዘው፣ ዓይኔ ጥሩ እንደነበረና የከዳኝ አንደበቴ እንደሆነ ነገሩኝ። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ማዳም በሳምንቱ ወደ ኤጀንሲው መለሰችኝ። አልሰደበችኝም፣ ፖሊስም አልጠራችም። ፊቴን ባየች ቁጥር ልጇ እንደገና የምትሞትባት እንደሚመስላት ብቻ ነገረችኝ። እኔም ቦታዋ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ባባ ስወጣ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። ዓይናቸው ቁስለት ይዞ ሆስፒታል ተመልሰው እንደገቡ የሰማሁት ወር ሳይሞላ፣ ከሕንፃው ጥበቃ ነው። ያ የተሠራው ዓይን አልዳነም አለኝ። የአጅማኑ ቀን ይሁን፣ ስኳሩ ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። እኔ የማምነውን አምናለሁ። በኋላ አገራቸው እንደገቡ፣ ከዚያም እንደሞቱ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ሠርቻለሁ፣ አግብቻለሁ፣ አገሬ ገብቼ ተመልሻለሁ። ያ ህንዳዊ ሽማግሌ ዛሬውኑ ንገሪያቸው ያለኝን ቃል ለራሴ ሕግ አድርጌው ቆይቻለሁ። ሰው ያጠፋውን በትኩሱ ከተናገረ ግማሹ ይመለሳል ብዬ አምን ነበር። ባለፈው ዓመት ቤታችን ቢድ ስፔስ፣ የአንድ አልጋ ቦታ፣ ተከራይታ የነበረች ትርንጎ የምትባል የጎጃም ልጅ፣ ሻርጃ የምትሠራበት ቤት የማዳሟን የሠርግ ልብስ በካውያ አቃጥላ መጣች። ተመሳሳዩን ጨርቅ ፈልጌ፣ እናንተ ሱቅ አሰፍቼ፣ ሳታውቅ ልመልሰው ብላ ለመነችኝ። እጇን ይዤ ከለከልኳት። ሂጂና እግሯ ሥር ወድቀሽ ተናገሪ፣ ዛሬውኑ፣ አልኳት። ሄደች። ተናገረች። ማዳሟ በሦስተኛው ቀን ቪዛዋን አሰረዘችባት፤ ትርንጎ ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምርበትን ሥራ ትታ አገሯ ገባች። ከኤርፖርት ስትደውልልኝ አላዘነችብኝም፤ ቢያንስ እንቅልፍ ወስዶኛል እትዬ፣ አለችኝ።

ስለዚህ አሁን እውነት ያድናል ብዬ ለማንም አላስተምርም። አንዳንዱን አያድንም። ነገ ሌላዋ መጥታ እንደዚያው ብትጠይቀኝ ግን የምመልስላት ያንኑ ነው። ትርንጎ ያጣችው ሥራ ነው፤ ሥራ ይገኛል። እኔ ዘጠኝ ቀን ዝም ያልኩባቸው ሰው ግን ፊታቸውን ቀና አድርገው፣ ዓይናቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ እንድናገር የሚጠብቁ ይመስል እስከ ዛሬ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው።